ሳይተረጎም የቀረው መልስ

ካርቱም፣ ዴም
መጋቢት 12 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሬሕማ፣

እንደምን ከርመሻል? እናትሽ እንዴት ናቸው? ይማምስ? ሀሰን አፉን ፈታ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

በታኅሣሥ የጻፍሽው ደብዳቤ የደረሰኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ያመጣው ሰው ገዳሪፍ ላይ ወባ ጥሎት ስለነበር ይቅርታ ጠይቂልኝ ብሏል። እኔም ከእሱ ጋር ይቅርታ ልጠይቅሽ፤ ዓምና አገርሽ ስትገቢ በየወሩ እጽፍልሻለሁ ብዬ ይኸው የመጀመሪያዬ ነው።

ስለ መድኃኒቱ ለጠየቅሽኝ፣ ዶክተር አብዱልወሃብ ለይማም ያዘዘለትን ቫይታሚን ሦስት ጠርሙስ ልኬልሻለሁ። ጠዋት ጠዋት አንድ ማንኪያ ስጪው። «ጉልበት ይሆነዋል ወይ?» ላልሽው፣ አይጎዳውም። ሲወድቅ አትቆጪው፤ ሰንፎ አይደለም።

ክሊኒኩ ትተሽው እንደሄድሽ ነው። ያው ካርቱም ሁለት ሰፈር፣ ያው ጠባብ ኮሪደር። እኔም ያው ነኝ፤ ሐበሻ ሲመጣ አስተርጓሚ፣ ሐበሻ ሲጠፋ ነርስ። አንዳንዴ ከሶባ የሚመጣው አውቶብስ፣ ሀፍላው፣ በራችን ላይ ሲቆም፣ ይማምን አዝለሽ፣ ሀሰንን አርግዘሽ የወረድሽበት ቀን ትዝ ይለኛል። አራት ዓመት ሆነው። ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሻለሁ።

የሻሽወርቅ


ደጋን፣ ወሎ
ሰኔ 3 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ የሻሽወርቅ፣

አሰላሙ ዓለይኩም እንዳልል እርስዎ ክርስቲያን ነዎት፤ ጤና ይስጥልኝ ብቻ እንዳልል ደግሞ የጎደለ ይመስለኛል። ሁለቱንም ይቀበሉኝ። እናቴ «ያችን ሐኪም ሴትዮ ሳሚልኝ» ብላለች። ነርስ ናቸው ብላት አልሰማ አለች፤ እሷ ዘንድ ጋውን የለበሰ ሁሉ ሐኪም ነው። ጽሑፌ ቢከፋ አይፍረዱብኝ፤ ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት።

ይማም ግንቦት ላይ መራመድ አቆመ። አንድ ቀን ጠዋት ግድግዳውን ይዞ ትንሽ ሄደ፤ ቁጭ አለ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሳም። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት አዝዬው እሄድ ነበር፣ አሁን ከበደኝ። ቫይታሚኑን ይወስዳል፤ ጣዕሙን ይወደዋል።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የሀሰን ባት እየወፈረ ነው። ሰው ሁሉ «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ ጠንካራ ልጅ ነው!» ይለኛል። የይማምም ባት በሦስት ዓመቱ እንዲህ ነበር። ለባሌ ለሙባረክ እንኳ አልነገርኩትም። ለእርስዎ ብቻ ነው።

ደግሞ አደራ አለኝ። ታናሽ እህቴ ዘሊካ ለሥራ ወደ እናንተ ልትመጣ ነው። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ሳቂታ ናት፣ ሰው ቶሎ ታምናለች። እኔ ሰው ቤት ስሠራ ያየሁትን እሷ እንዳታይ አደራዎን።

ሬሕማ


ካርቱም፣ ዴም
ኅዳር 20 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለሬሕማ፣

ዘሊካ በሰላም ገብታለች፤ ሐሳብ አይግባሽ። የገባችበት ቤት ከክሊኒካችን ሁለት መንገድ ቢርቅ ነው። መዳሟ አስተማሪ ናት፤ አትጮህባትም፣ ዓርብ ዓርብም ታስወጣታለች። የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ኢቃማዋን፣ እያስጨረስን ነው። ወረቀቱ እስኪያልቅ ፖሊስ ሐበሻ ሲያፍስ እንዳያገኛት ብቻዋን ዴም አትመጣም፤ እኔ ነኝ እጇን ይዤ የማመጣት። ዐረብኛውን በሦስት ወር አቀላጥፋዋለች። እዚህ አሥር ዓመት የኖርኩትን እኔን ስሳሳት ታርመኛለች፣ ከዚያ በራሷ እርማት ትስቃለች።

ለይማም እግሩን በዘይት እሺው። ቁርጭምጭሚቱ እንዳይደርቅ እግሩን ቀስ እያልሽ ወደ ላይ ግፊው። በአንድ ጎኑ ብዙ አታስተኚው።

ስለ ሀሰን ባት የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ብዙ ልጆች ባታቸው ወፍራም ነው። አትጨነቂ።

ሰው በር ላይ እየጠበቀኝ ስለሆነ እዚህ ላይ ላቁም፤ ማሌሽ፣ ይቅርታ።

የሻሽወርቅ


ደጋን
ጥር 16 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእትዬ የሻሽወርቅ፣

የዘሊካን የኒካሕ ፎቶ አየነው። እናቴ ስማ ስማ ጠርዙን አራሰችው። ሳዲቅ ጥሩ ልጅ ይመስላል፤ የኛው የወሎ ልጅ መሆኑም ሾፌርነቱም ደስ ብሎናል። እንደ እናት ሆነው ስለዳሩልን አላህ ውለታዎን ይክፈልልን።

ዓመት ሙሉ ስለ ሀሰን አልጠየቁኝም። ሳይጠይቁኝ ልንገርዎ። አሁን ከመሬት ሲነሳ መጀመሪያ ጉልበቱን፣ ከዚያ ጭኑን በእጁ እየያዘ፣ በገዛ ገላው ላይ እንደ መሰላል ይወጣል። ይማም ያደርግ የነበረው ይህንኑ ነው። መጠራጠር ቀረ። ሙባረክም አየው። በአራተኛው ቀን «ከእኔ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ብሎ ወደ እናቱ ቤት ሄደ። ሌላ ሊያገባ ነው ይባላል።

እውነቱን ነው፣ ከእሱ ዘር የለም። ከእኛ ግን አለ። የእናቴ ወንድም እንዲሁ ሰውነቱ ከድቶት፣ ሰው እየተሸከመው ኖሮ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ነው የሞተው። ይህን፣ ሀሰንን አርግዤ ክሊኒክ የመጣሁ ቀን ለዶክተሩ ነግሬዋለሁ፤ የተረጎሙልኝ እርስዎ ነዎት። ከዚያ ሆዴን ይዤ «ይሄኛውስ እንደ ይማም ይሆናል ወይ?» ብዬ ጠየቅኩ። ዶክተሩ ወደ እርስዎ ዞሮ በእንግሊዝኛ ብዙ ተናገረ። እርስዎ ግን የነገሩኝ አንድ ቃል ነው። «አብሽሪ» አሉኝ። በኛ በእስላሞቹ ቃል ስላጽናኑኝ ደስ ብሎኝ ነበር የወጣሁት።

እትዬ የሻሽ፣ ያን ቀን ዶክተሩ ምን ነበር ያለው?

ሬሕማ


ካርቱም፣ ዴም
ሚያዝያ 8 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለሬሕማ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መልስ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስቱንም ቀድጄዋለሁ። የሙባረክ ነገር አሳዘነኝ። ሰው ሲፈራ ይሄዳል፤ ሲናፍቅ ይመለስ ይሆናል።

የጠየቅሽኝ ከስድስት ዓመት በፊት የሆነ ነገር ነው። በቀን ለስንት ሰው እንደማስተረጉም ታውቂያለሽ፤ ዶክተሩ ያለውን ቃል በቃል አላስታውስም። አመቺ ቀን ሳገኝ እሱን ራሱን ጠይቄ እጽፍልሻለሁ።

ይልቅ ደስ የሚል ወሬ አለኝ። ዘሊካ አርግዛለች። ሁለት ወሯ ነው። እሷ ራሷ ልትነግርሽ ፈልጋ ነበር፤ እኔ ቀደምኳት። ሳዲቅ ከደስታው የተነሳ ለእኔ ሳይቀር ትልቅ ሐብሐብ ተሸክሞ መጣ። ምግብ አልረጋላት ብሏል እንጂ ደህና ናት።

የሻሽወርቅ


ደጋን
ግንቦት 10 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእትዬ የሻሽወርቅ፣

ደስ የሚል ወሬ ብለው የጻፉልኝን አነበብኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አላለኝም። እናቴ እልል ስትል እኔ ጓዳ ገብቼ መርዶ እንደተረዳ ሰው ተቀመጥኩ።

አላስታውስም አሉኝ። እሺ። ለእኔ ባይመልሱልኝም ግድ የለም፤ የእኔ ሁለቱም ተወልደዋል። ዘሊካ ግን የአንድ እናት ልጅ ናት፣ እኔ የጠባሁትን ጡት የጠባች። እዚህ ጎረቤቱ «ዓይን በልቷቸው ነው» ይለኛል። እናንተ ዘንድ መሣሪያ አለ፣ የተማረ ሰው አለ። ለእሷ የሚነገር ነገር ካለ ይንገሯት። እኔ ደውዬ እንዳልነግራት ምኑን ልንገራት? የማላውቀውን?

የማምነው እርስዎን ነው። ሌላ የለኝም።

ሬሕማ


ካርቱም፣ ዴም
ጥቅምት 4 ቀን 1996 ዓ.ም.

ሬሕማ፣

ሳዲቅ ሐምሌ ላይ ደውሎ መርዶውን እንደነገራችሁ አውቃለሁ። «ድንገት ደም ፈሰሳትና ሐኪም ቤት ሳትደርስ» ብሎ እንደነገራችሁም አጫውቶኛል። እሱ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ሦስት ወር ሙሉ እኔም እናንተ ከዚህ በላይ እንድታውቁ አልፈለግኩም። ለቀብሯ ያልመጣ የወሎ ሰው የለም፤ ዘሊካ በክብር ነው የተቀበረችው። ይህን ያስቀደምኩት የቀረውን ካነበብሽ በኋላ እኔን ማመን ስለሚያቅትሽ ነው።

በመጀመሪያ የዘገየውን መልስሽን ልስጥሽ። አልረሳሁትም። አንድም ቃል አልረሳሁም።

ያን ቀን «ይሄኛውስ?» ስትዪ ዶክተር አብዱልወሃብ እንዳትሰሚው በእንግሊዝኛ እንዲህ አለኝ፤ «ይህ ጡንቻን የሚያሟሽሽ የዘር በሽታ ነው። በእናት በኩል ይተላለፋል፣ የሚጥለው ወንዶቹን ነው። በሆዷ ያለው ወንድ ከሆነ የመታመም ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ይሄ ልጇ አሥር ዓመት ሳይሞላው መራመድ ያቆማል፤ ሃያ መድረሱን እንጃ።»

«ምን ብዬ ልንገራት?» አልኩት።

«ምንም። ጽንሱን መርምረን የምንለይበት ነገር እዚህ የለንም። ቢኖረንም ሕጉ እንድታስወርድ አይፈቅድላትም። ብትሰማ ወይ ባሏ ይፈታታል፣ ወይ አንዷ ዘንድ ሄዳ ሆዷን አስነክታ ትሞታለች። መፍትሔ የሌለውን ነገር መንገር ሕክምና አይደለም ሲስተር፣ ጭካኔ ነው። አጽናኛት።»

አጽናናሁሽ።

ክፉ ሰው አይደለም፣ ሬሕማ። የራራልሽ መስሎት ነው፤ እኔም የራራሁ መስሎኝ ነበር። ግን ከእንግዲህ ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ርኅራኄ ብቻ አልነበረም። ጽንስ ማስወረድ ነፍስ ማጥፋት ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ብትሰሚ ታደርጊዋለሽ ብዬ ፈራሁ፣ ኃጢአቱም ለእኔ ይቆጠራል ብዬ ፈራሁ። ኢቃማዬም በክሊኒኩ ስም ነው፤ እሱንም ፈራሁ። ስለ ዶክተሩ አሰብኩ፣ ስለ ነፍሴ አሰብኩ፣ ስለ ወረቀቴ አሰብኩ። ሐሳቡን ያልጠየቅኩት ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።

የግንቦቱ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ የዘሊካ ሆድ ገፍቶ ነበር። ይዤው ዶክተሩ ክፍል ገባሁ። አዋላጇ ሉጥፊያም እዚያው ነበረች። የእናንተን ቤት ነገር ከሥሩ ነገርኳቸው።

ሉጥፊያ ተቆጣች። «አላህ የሰጠውን ከፍቶ አይቶ ልቀበል አልቀበል ማለት ምን የሚሉት ነው? ሠላሳ ዓመት ሳዋልድ አንዱንም መርጬ አልተቀበልኩም» አለችኝ።

እኔ ዶክተሩን ነበር የማየው። «ባለፈው ወር እርስዎ የዚያን ነጋዴ ሴት ልጅ ከማህፀኗ ውሃ ወስደው ጽንሱን እንዲመረምሩላት ካይሮ ልከዋታል። በቤተሰቧ የደም በሽታ ስላለ። ደብዳቤውን ያሸግኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ። «እነሱ የሚሄዱበት አላቸው። ይህቺ የት ትሄዳለች?»

«የትም። ግን ማወቅ አይገባትም?»

«አውቃ ምን ታድርገው?»

ደብዳቤሽን አጥፌ ይዤ ወጣሁ።

በሳምንቱ ሉጥፊያ በአልትራሳውንድ አየቻትና «ወለድ! ወንድ ነው!» ብላ አበሰረቻት። ዘሊካ እየሳቀች ወጣች። እስከ ሀፍላው ማቆሚያ ሸኘኋት፤ የነገርኳት እዚያ ነው። ሰው እየተጋፋ፣ ረዳቱ «ሶባ! ሶባ!» እያለ እየተጣራ። ቁጭ አላደረግኳትም። ሳዲቅን አልጠራሁትም። ጥላ ያለበት ቦታ እንኳ አልፈለግኩም። «የይማም በሽታ በእናታችሁ በኩል የሚመጣ ነው፤ ወንድ ከሆነ እንደ ይማም ሊሆን ይችላል» አልኳት። ስድስት ዓመት የተሸከምኩትን በአንድ ትንፋሽ አውርጄ እሷ ላይ ጫንኩት። ነገርኳት እንጂ አላማከርኳትም።

«ሬሕማ ታውቃለች?» አለችኝ።

«አታውቅም።»

«እሺ» አለች። ረዳቱ «ያላ፣ ያላ!» ሲላት ተሳፈረች። በመስኮቱ እጇን አውጥታ ተሰናበተችኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አላየሁም። በአራተኛው ቀን ሳዲቅ እያለቀሰ መጣ። አንዲት ጎረቤቷ ሆድ ወደምታስወርድ ሴት ቤት ይዛት እንደሄደች የነገረችኝ ከቀብር በኋላ ነው። ሳዲቅ ይህን አያውቅም። ልንገረው አልንገረው ለማለት ፍርዴን አላመንኩትም።

ሥራ ስገባ ዶክተሩ «ነግሬሽ ነበር» አላለኝም። ወንበር ሳበልኝ። ያን ጊዜ ቀድሜ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኩት፤ የዘሊካ ልጅ የመታመም ዕድሉ ስንት ነበር? የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ላይ አሰላልኝ። አንቺ በሽታውን እንደምታስተላልፊ በልጆችሽ ታውቋል። ዘሊካ ግን ከእናታችሁ ልትወርሰውም ላትወርሰውም ትችል ነበር፤ ግማሽ በግማሽ። ወርሳውም ቢሆን ልጇ ላይ ደግሞ ግማሽ በግማሽ። «ከአራት አንድ» አለኝ።

ከአራት ሦስት እጁ ጤነኛ ነበር፣ ሬሕማ። እኔ አላወቅኩም ነበር። ሳላውቅ ነገርኳት። ሦስቱን እጅ አልነገርኳትም።

ልጁ ከሦስቱ ይሁን ከአንዱ፣ አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ይቅር በዪኝ ብዬ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ እዚህ ስደርስ አፈርኩ። የምትጠይቂኝ ካለ ምንም ሳላስቀር እመልሳለሁ።

የሻሽወርቅ


ደጋን
ጥር 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

የሻሽወርቅ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። አራት ጊዜ አነበብኩት።

ካንቺ በኋላ የማምነው ሰው ስለጠፋኝ ኮምቦልቻ ወርጄ አንድ ክሊኒክ አስነበብኩት። በቀለ የሚባል ወጣት ጤና ረዳት ነው ያነበበው። «የተጻፈው ልክ ነው» አለኝ። አጣጥፎ ሲመልስልኝ፣ «ግን ይህን ማን ጻፊ አላት? ባታውቂው ይሻልሽ ነበር» አለኝ። ሳቄ መጣ። ፊት ለፊቱ ሳቅኩ። ያበድኩ መስሎት ውሃ አመጣልኝ።

ያን ጊዜ ብትነግሪኝ ሀሰንን ምን አደርገው እንደነበር አላውቅም። ምናልባት እወልደው ነበር፤ ልጄ ነው፣ ዛሬ ያለ እሱ መኖርን አላውቅም። ምናልባትም አልወልደውም ነበር። ተቀምጬ የማስብበትን ቀን ነው አንቺና ዶክተሩ የወሰዳችሁብኝ። የዘሊካን ግን አውቀዋለሁ። እኔ አውቄ ቢሆን ኖሮ ሳታገባ በፊት፣ እዚሁ ቤታችን፣ እጇን ይዤ እነግራት ነበር። እሷ ደግሞ መጀመሪያ ትስቅብኝ ነበር፣ ከዚያ ታለቅስ ነበር፣ ከዚያ ሁለታችን እንመክር ነበር። ሀፍላ ማቆሚያ ላይ ብቻዋን አትቆምም ነበር።

እናቴ በሽታው በእሷ በኩል መምጣቱን እስካሁን አታውቅም። ልነግራት ሁለት ጊዜ አጠገቧ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ ተነሳሁ። «ልጄም፣ የልጅ ልጆቼም በእኔ ምክንያት ነው» ብላ እንድትሞት አልፈልግም። ስለዚህ አሁን እኔም እንደናንተ ሆኛለሁ። እንዴት ዝም እንዳልሽ ገብቶኛል። ገባኝ ማለት ይቅር አልኩሽ ማለት አይደለም።

ባለፈው ሐሙስ ሀሰን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደጃፉ ላይ ወድቆ ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ደሙን ስጠርግለት «እማ፣ እኔም እንደ ይማም ነኝ?» አለኝ። አፌን ከፈትኩ። ምን ልለው እንደነበር አላህ ያውቃል። ይማም ከመደቡ ላይ ሆኖ ቀደመኝ።

«አዎ፣ እንደኔ ነህ» አለው።

ሀሰን አላለቀሰም። «እግሬም ያቆማል?»

«ያቆማል። አሁን ግን አይደለም። እኔ ሦስተኛ ክፍል ስደርስ ነው ያቆመኝ፣ አንተ ገና አንደኛ ነህ። ና ወደዚህ። ስትወድቅ በፊትህ አትውደቅ። እጅህንም አትዘርጋ፣ ይሰበራል። ልትወድቅ መሆኑን ስታውቀው ጉልበትህን ለቀቅ አርገውና በጎንህ ተኛበት። እስቲ አሳየኝ።»

ሀሰን ወደቀ።

«እንደሱ አይደለም፣ ቀስ» አለው ይማም። «ተነስና እንደገና።»

በገላው ላይ እየተንጠላጠለ ተነሳ። እንደገና ወደቀ። እኔ ጨርቁን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አሥር ጊዜ ያህል ሳይወድቅ አይቀርም። ይማም ልክ ሲሆንለት «ጎበዝ!» እያለው፣ ሁለቱም እየሳቁ።

ሳዲቅ የዘሊካን ልብስ ከሰጠሽ በሚመጣ ሰው ላኪልኝ። ደብዳቤ አትጨምሪበት።

ሬሕማ